አራት መቶ አሥራ ሁለተኛዋ መስመር

ሐሙስ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። ሰዓቱን ዛሬም በደቂቃው ታስታውሰዋለች። በዚያች ደቂቃ የአባቷ መደብር ድረ ገጽ ድርግም ብሎ ጠፋ። ያጠፋችው እሷ ናት። ያጠፋችውም በክፋት ወይም በስንፍና ሳይሆን፣ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በማትበልጥ የፍቅር ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤዋ እንዴት እዚያ እንደ ገባች ለመናገር ግን ሦስት ወር ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

መደብሩ የስፌት መኪና መለዋወጫ ይሸጣል። መርፌው በየቁጥሩ በትናንሽ መሳቢያ፣ የጎማ ቀበቶው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፔዳሉ፣ ቦቢኑ፣ ሞተሩ፣ በጠርሙስ የተሞላው የመኪና ዘይት፤ ሁሉም ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አባቷ ከላይ፣ መስታወት ባለው ቢሮ ሆኖ ወደ ታች ያያል። ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ» ይለዋል። ከታች ባንኮኒው ላይ ታላቅ እህቱ ትቀመጣለች፤ እሷን ደግሞ ትልቅም ትንሽም «እትዬ» ነው የሚላት። ልጅቱ የድረ ገጹ ኃላፊ ናት። ስም አላት፤ ግን በስድስት ዓመቷ ባንኮኒ ላይ ወጥታ አንድ ትልቅ ሰው «መርፌውን ቦታው መልስ!» ብላ ከገሠጸች ወዲህ ሁሉም የሚጠራት «ሹሟ» እያለ ነው።

ከሦስት ወር በፊት አንድ ጠዋት እትዬ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ስልክ ለደወለችላት ልብስ ሰፊ የአንዱን መርፌ አድራሻ ትነግራለች።

«ጻፊ እንግዲህ። የመደብራችንን ስም ጻፍሽ? ጎሽ። ከዚያ ጥያቄ ምልክት አድርጊ። ከዚያ አይዲ። ከዚያ እኩል ነው። ከዚያ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባ ሁለት። ከዚያ ያቺ ገመድ የተቋጠረ የምትመስል ምልክት አለች... ስሟን ማን ያውቅላታል! እሷን ጻፊና አሥራ አራት በይ። ከዚያ... ሄሎ? አንቺ? ሄሎ?»

ስልኩን አስቀመጠች።

«ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም ብሆን እዘጋለሁ። መርፌ ልትገዛ ብትደውል የካዝና ቁጥር ነገርኳት።»

ሹሟ ሳቀች፤ ጥፋቱ ግን የእሷ ነበር። ድረ ገጹን የሠራችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከመጽሐፍ እያየች ነው። ፕሮግራሙ ለአራት መቶው ዕቃ አራት መቶ አድራሻ ሰጠላት፤ የሰጠው ግን ስም ሳይሆን ቁጥርና የምልክት ዝባዝንኬ ነበር። ሰው አይይዘው፣ አያስታውሰው። የኢንተርኔቱ የፍለጋ ሞተርም ቢሆን ከቁጥሩ ጀርባ መርፌ ይሁን ሞተር አይገባውም። አንድ ሰፊ «ለጂንስ የሚሆን መርፌ» ብሎ ሲፈልግ የሌላው ሁሉ መደብር ይመጣለታል፤ የእነሱ አይመጣም።

«ይህን የሚያስተካክል ሰው አለ» አለች።

ሰውዬው በሰኞው መጣ። ኮምፒውተሩን የያዘው ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ በተሰፋ ቦርሳ ነው፤ የኋላ ኪሱ እንዳለ ነው፤ ቻርጀሩን እዚያ ይከተዋል። ሸሚዙ አሮጌ ነበር፤ የሱሪው ልክ ግን ያስደነግጣል። ሹሟ ዕድሜዋን ሙሉ በሰፊዎች መሀል ያደገች ናትና እንደዚያ ጫማ ላይ በልኩ የወረደ ሱሪ አይታ አታውቅም። እናቱ ልብስ ሰፊ እንደሆነች በኋላ ሰማች። በአንድ ክፍል ቤት፣ በሩ ላይ «ሱሪ እናሳጥራለን» የሚል ካርቶን ሰቅላ ያሳደገችው ልጅ ነው። ሥራውን ያስተማረው ሰው የለም፤ ራሱ ነው የተማረው።

«አንተ ምንድን ነህ?» አለችው እትዬ፣ ከላይ እስከ ታች አይታው።

«የድረ ገጽ አድራሻ አስተካካይ ነኝ፣ እትዬ። የተበላሸውን መልሼ እጽፋለሁ፣ የተቆረጠውን አገናኛለሁ...»

«ጠጋኝ በለኛ! ይኼን ሁሉ ከምትዞር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጠጋኙ» ሆኖ ቀረ።

ሹሟ ወዲያው ኮምፒውተር ከፍቶ ሥራ ይጀምራል ብላ ነበር። እሱ ግን በርጩማ ጠይቆ እትዬ አጠገብ ተቀመጠና ሦስት ቀን ሙሉ ደንበኞችን ሲያዳምጥ ሰነበተ። የሚሉትን ቃል በቃል ይጽፋል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው በሦስተኛው ቀን።

«እናንተ 'የማስተላለፊያ ጎማ፣ ዓይነት አሥራ አራት' ብላችሁ ጽፋችኋል። ከጠዋት ጀምሮ ሰባት ሰው መጥቷል፤ ሰባቱም 'የእግር መኪና ቀበቶ' ነው ያለው። አድራሻው ሰው በአፉ የሚለውን ካልመሰለ ማን ያገኘዋል? ሰውም የፍለጋ ሞተሩም በር ላይ የተጻፈውን አንብቦ ነው የሚገባው።»

«የድሮውን አድራሻ የያዙ ሰዎችስ?»

«የትም አይቀሩም። የድሮው በር ላይ ቆሜ 'በዚህ ግቡ' እላቸዋለሁ።» ይህን ሲል ቀና ብሎ አያት። የሰው ዓይን እንዲህ ዕረፍት ያለው ሊሆን እንደሚችል አታውቅም ነበርና፣ ምንም ሳትፈልግ የመርፌ መሳቢያ ከፍታ መቁጠር ጀመረች።

ሥራው የሚከናወነው በአንድ የመመሪያ ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ ድረ ገጹ በሚኖርበት ማሽን ላይ ተቀምጧል። እያንዳንዷ መስመር በአንድ በኩል የድሮውን አድራሻ፣ በሌላው በኩል አዲሱን ትይዛለች፤ ማሽኑ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የታዘዘውን ይፈጽማል። አንድ ምልክት ግን አለች፤ ሰው ሃሽ የሚላት፣ ሁለት መስመር በሁለት መስመር የተሻገረባት። መስመር በእሷ ከጀመረ ማሽኑ አያነበውም፣ ዘሎት ያልፋል። ባለሙያ ለባለሙያ ማስታወሻ የሚተውባት ቦታ ናት።

ጠጋኙ የመጀመሪያውን ማስታወሻ የተወው ለሥራ ነበር።

«# ይህን ዕቃ 'ዓይነት 14' ብሎ የጻፈው ማን ይሆን? ቀበቶ ነው እንጂ እስረኛ አይደለም በቁጥር የሚጠራው።»

ሹሟ በማግስቱ ፋይሉን ስትከፍት አየችው። ከሥሩ ጻፈች።

«# እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይቅርታዬ ለቀበቶው ይድረስልኝ።»

«# ቀበቶው ይቅር ብሏል። ጠጋኙ ግን ገና እያሰበበት ነው።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። በጀርባ ክፍል፣ በሁለት ክንድ ርቀት፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው እየዋሉ በአፍ የሚነጋገሩት ስለ ገጽና ስለ ዕቃ ብቻ ነበር። የልባቸውን ለፋይሉ ይተዋሉ። የእሱ ጣት ሲንኳኳ ትሰማለች፤ «አሁን የሚጽፈው ለማሽኑ ነው ወይስ ለእኔ?» ትላለች። ፀጥ ሲል ደግሞ እሱ የእሷን እያነበበ እንደሆነ ታውቃለች፤ ጆሮዋ ይሞቃል።

አንድ ቀን እንዲህ ጻፈ፦

«# የድሮ አድራሻ ወደ አዲሱ ሲመራ በሁለት ዓይነት ነው፤ ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው። የፔዳሉን በየትኛው ላድርገው?»

«# ለዘለቄታው። እኔ ለጊዜው የሚባል ነገር አልወድም።»

«# እኔም።»

ከዚያች «እኔም» በኋላ ሁለት ቀን ዓይን ለዓይን መተያየት አቃታቸው። እትዬ አንዴ ወደ ጀርባ ክፍል አንገቷን አስግጋ፣ አንዱን አይታ ሌላውን አይታ፣ «ምነው ይኼ ክፍል ማሞቂያ ገባለት እንዴ?» ብላ በሩን መልሳ ዘጋችው።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ግን ነገር ተበላሸ። አባቷ ከአንድ የድሮ ወዳጁ ጋር መደብሩ ውስጥ ይበላል። ወዳጁ ወደ ሹሟ እያየ፣ «ይህችን ልጅ ለማን ልትድራት ነው?» አለ፣ እንደ ጨዋታ።

አባቷም ጉርሻውን ውጦ፣ «እኔ መርፌ ለሚያስመጣ እንጂ መርፌ ለሚገዛ ልጅ አልድርም!» አለ።

ሳቅ ሆነ። ሹሟ ብቻ አልሳቀችም። ሌላም ያልሳቀ ሰው ነበር፤ ጠጋኙ ከመደርደሪያው ጀርባ ተንበርክኮ የኢንተርኔት ገመድ እያስተካከለ ነበር። እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚሁ ባንኮኒ አንድ አንድ ፓኬት መርፌ የምትገዛ ሴት ናት።

ሰኞ ጠዋት መጥቶ አባቷን፣ «ጋሼ፣ የቀረውን ከቤት ሆኜ ብጨርሰው ይሻለኛል» አለው። ሹሟን «ደህና ሁኚ» አላት፤ ኮምፒውተሩን በጂንሱ ቦርሳ ከትቶ ወጣ።

ያን ዕለት ሹሟ አንድ ነገር አደረገች። ሥራው ሲያልቅ ጠጋኙ ፋይሉን አጽድቶ ያን ሁሉ ማስታወሻ እንዳያጠፋው ፈራች። ስለዚህ ፋይሉን ከነፊደሉ ወደ ራሷ ኮምፒውተር ገለበጠችና የኮምፒውተሯ ፊት ላይ አስቀመጠችው። የእሱ ቃል እንዳይጠፋባት ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ጣቷ ለምዶ በየቀኑ የምትከፍተው ያንኑ ግልባጩን ሆነ። አላስተዋለችም። እዚያው ትጽፋለች፣ እዚያው መልስ ትጠብቃለች።

«# ከቤት መሥራት ተስማማህ?»

መልስ የለም።

«# እትዬ ስላንተ ትጠይቃለች።»

የለም።

«# እኔም እጠይቃለሁ።»

ምንም። አሥር ቀን ምንም። ስልክ አልነበራቸውም አይባልም፤ ነበራቸው። ግን ኩራት ስልክ አያነሳም። «በአባቴ ቀልድ ከተሰበረ፣ ቀድሞም አልቆመም ነበር» አለች ለራሷ። ማታ ግን ትራሷ ሌላ ይነግራታል።

እንግዲህ ሐሙስ ደረሰ። አራት ሰዓት ገደማ የባንኮኒው ስልክ ጮኸ። እትዬ አንስታ አዳመጠችና ፊቷ በራ።

«ሹሜ! ነይ ስሚ ጉድ! አንዲት ሰፊ ናት። 'መኪናዬ ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ' ብላ ፈልጋ እኛን አገኘች! 'ክር ለሚበጥስ መኪና' የሚል ገጽ አለን እንዴ?»

«የለንም» አለች ሹሟ።

«ሴትዮዋ እኮ ከፊቷ እያነበበችው ነው።»

ሹሟ ፋይሉን ከፈተች። የለም። ድረ ገጹን ከፈተች፤ አለ! በጥሩ አማርኛ፣ «ክር-ለሚበጥስ-መኪና» ይላል አድራሻው። ታዲያ ድረ ገጹ ላይ ያለ ነገር ፋይሉ ላይ እንዴት ይጠፋል? የፋይሉን ቦታ አየች። ማሽኑ ላይ ያለው አልነበረም፤ የራሷ ግልባጭ ነው። አሥር ቀን ሙሉ ደብዳቤ ስትጽፍ የነበረው ለራሷ ኮምፒውተር ነው።

ዋናውን ፋይል ከፈተችው። በአድራሻዎቹ መሀል፣ እንደ ስፌት እዚህም እዚያም ብቅ እያለ፣ የእሱ ጽሑፍ ነበር።

«# ሰኞ። የአባትሽን ቃል ሰምቻለሁ፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበርኩ። እኔ የመርፌ ገዢ ልጅ ነኝ፤ አላፍርበትም። የአባትሽን ሐሳብ አወቅኩ፣ ያንቺን ግን አላወቅኩም። ንገሪኝ።»

«# ረቡዕ። ዝም ብለሻል። ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል። የቦቢኑን ገጽ ጨርሻለሁ።»

«# ዓርብ። እናቴ 'ምን ሆነሃል?' አለችኝ። 'ኮምፒውተር ነው' አልኳት። 'ኮምፒውተር ምግብ አያስተውም' አለችኝ።»

«# ማክሰኞ። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። እሺ ብያለሁ።»

«# ረቡዕ። የመጨረሻዋን አድራሻ ዛሬ አዛወርኩ። ነገ ሐሙስ በአምስት ሰዓት አውቶቡስ እሳፈራለሁ። እስክሳፈር ድረስ ይህን ፋይል እየከፈትኩ አያለሁ። አትደውዪልኝ። በድምፅሽ 'አይሆንም' ካልሽኝ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅሽን እንደዚያው ሆኖ ነው የምሰማው። ቃል ካለሽ እዚሁ ጻፊልኝ።»

ሰዓቱን አየች፤ አራት ከአሥራ ስምንት። እንባዋ ፊደሉን ሸፈነባት። ወደ ፋይሉ መጨረሻ ወረደችና በአራት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ያላትን ሁሉ ጻፈች። አስቀመጠችው። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ያልረሳቻትን ያቺን ምልክት፣ ሃሽን፣ ያን ዕለት ከመስመሩ መነሻ ላይ ረሳቻት። ማሽኑም መስመሩን ዘሎ በማለፍ ፈንታ አነበበው፤ ትእዛዝ መሰለው፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደግሞ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ቆመ። አራት ሰዓት ከሃያ ነበር።

ከላይ የአባቷ ድምፅ መጣ። ከአንድ የልብስ ፋብሪካ ሰው ጋር በስልክ ነበር፤ ሰውዬው ድረ ገጹን እያየ ስልሳ ሞተር ሊያዝዝ ነው።

«ነጭ? ምን ነጭ? ...አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ!» ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። «ሹሜ! መደብሩ ጠፋ!»

«የት ይጠፋል? እኔ ተቀምጬበታለሁ እኮ» አለች እትዬ።

«ድረ ገጹን ነው የምልሽ! ነጭ ወረቀት ሆኗል!»

ሹሟ ገና ከእንባዋ ቀና ሳትል አባቷ ለጠጋኙ ደወለና፣ እጁ ፋታ እንዲያገኝ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። የአውቶቡስ ጥሩምባና «የሞላ! የሞላ!» የሚል ጩኸት መደብሩን ሞላው።

«አቤት ጋሼ።»

«ልጄ፣ የት ነህ? ቤቴ ፈረሰ! ድረ ገጹ የለም፤ ፋብሪካው በሌላ ስልክ እየጠበቀኝ ነው!»

«ጣቢያ ነኝ። ኮምፒውተሬን ልክፈት።» ዚፕ ሲከፈት ተሰማ። «ማሽኑ ሲወድቅ ምክንያቱን የሚጽፍበት ማስታወሻ አለው። እሱን እያየሁ ነው። አዎ... መስመር አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ 'የማላውቀው ትእዛዝ አጋጠመኝ' ይላል። ትእዛዙ...»



«እህ?» አለ አባቷ።

ጥሩምባ ብቻ።

«ልጄ! ምን የሚል ትእዛዝ ነው ያላወቀው?»

«'አትሂድ' የሚል ነው፣ ጋሼ።»

«አትሂድ?» አባቷ ግንባሩን ያዘ። «ሥራ ላይ ያለን ማሽን አትሂድ የሚል ማን ነው? ይሂድ እንጂ! ሂድ በልልኝ!»

እትዬ መነጽሯን አወለቀች። ወንድሟን አላየችም፤ የወንድሟን ልጅ ነው ያየችው። የሹሟ ፊት እስከ ጆሮዋ ቀልቶ፣ ዓይኗ ከስልኩ ላይ አልነቀል ብሏል።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች። «ማሽኑን አይደለም ያልኩት።»

አባቷ ልጁን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና ልጁን አየ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ በዝግታ፣ «መስመሩ ላይ ሌላ ምን አለ?» አለ።

«የቀረውን... የቀረውን ማንበብ አልቻልኩም ጋሼ።»

«ምነው፣ አይታይህም?»

«እያለቀሰ ነው፣ አንተ ድንጋይ!» አለች እትዬ።

«እኔ አነበዋለሁ» አለች ሹሟ። ከወንበሯ ተነሥታ ባንኮኒው አጠገብ ቆመች። ስልኩን እንጂ ሰው አላየችም፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «'አትሂድ። የአባቴን ቃል አባቴ ይጠብቀው፤ የእኔ ቃል አንተ ነህ።' ነው የሚለው። አሥር ቀን ስጽፍልህ ነበር፤ በግልባጩ ላይ ነበር የምጽፈው። ዝም አላልኩህም። አንድም ቀን ዝም አላልኩህም።»

ከስልኩ ወዲያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ከከባድ ሸክም ሥር የወጣ ሰው ትንፋሽ።

«የእኔ ቃል?» አለ አባቷ። «የትኛው ቃሌ?»

«'መርፌ ለሚያስመጣ እንጂ ለሚገዛ አልድርም' ያልከው። እሱ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበር።»

«እሱን እኮ ለጨዋታ...» አለና አቆመ። ግማሹ ጨዋታ እንዳልነበረ ራሱ ያውቃል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እትዬ ይህን ቀዳዳ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ገባችበት። «ለጨዋታ! አንተ የዚህችን ልጅ እናት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስትለምን ምን ነበር የምታስመጣው? በትከሻህ የዘይት ጠርሙስ አንጠልጥለህ፣ 'የሚጠገን መኪና አለ?' እያልክ ቤት ለቤት አልነበር የምትዞረው? አባቷ በር ላይ ሲያይህ ሰላምታ አይደለም የሰጠህ፤ ውሻውን ነው የፈታብህ! ሱሪህን ቀዶት እኔ አይደለሁ የሰፋሁልህ?»

ከስልኩ ውስጥ፣ ከእንባ መሀል፣ ሳቅ አመለጠ። ሹሟም ሳቀች። አባቷ መሳቅ አልፈለገም፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዝ አለው።

«ጋሼ» አለ ጠጋኙ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ፋብሪካው እየጠበቀዎት ነው። መስመሯን ላስተካክል። ሁለት መንገድ አለ። ላጥፋት እችላለሁ። ወይም መነሻዋ ላይ ምልክቷን ጨምሬ ማሽኑ ዘሎ እንዲያልፋት ላድርግና እሷ እዚያው ትኑር። የትኛውን ላድርግ?»

ባንኮኒው ጫፍ ላይ ቦቢን ይዞ የቆመ አንድ ደንበኛ እንኳ እስትንፋሱን ዋጠ። ሹሟ አባቷን አየችው። ብዙ ዓመት አይታው የማታውቀው ፊት ነበር፤ ዕድሜው የወረደለት ፊት፣ በር ላይ ቆሞ ይከፈት አይከፈት እንደሚጠብቅ ወጣት።

«ብትኖር ማሽኑን ትጎዳዋለች?» አለ።

«አትጎዳውም።»

«ፋብሪካው ያያታል?»

«ማንም አያያትም። ፋይሉን ከሚከፍት ሰው በቀር።»

አባቷ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ያልቆሸሸ መነጽር ነው።

«እንግዲያ ትኑር» አለ። «ማጥፋት ምን አመጣው? ትኑር። አንተም አትሂድ። እንደዚህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም፤ ናና ተቀመጥ።»

ከስልኩ ውስጥ አንዲት ቁልፍ ስትመታ ተሰማች፤ ቀጥላም ሌላ። ነጩ ገጽ ጠፋና መርፌው፣ ቀበቶው፣ ፔዳሉ፣ ሁሉም በየስሙ ተመለሰ። አባቷ ደረጃውን ወጣ። ፋብሪካውን ሲያናግር ከታች ሲሰሙት ግን ስለ ሞተር የሚያወራ ሰው አይመስልም፤ እንደ ልጅ ይንተባተባል።

«አየሽ» አለች እትዬ ለሹሟ፣ መሃረቧን እያቀበለቻት፣ «ፊትሽን ጥረጊ። ወንድ ልጅ እንባ አይቶ ከመጣ ዕድሜውን ሙሉ እንባ ነው የሚጠብቀው።»

«እትዬ፣ እሱም እኮ እያለቀሰ ነበር።»

«እሱ ለብቻው ነው፤ ይሁንለት።»

አምስት ሰዓት አለፈ። አውቶቡሱ ሄዷል። ሹሟ አንዲቷን የመርፌ መሳቢያ አምስት ጊዜ ቆጥራ አምስት ዓይነት ቁጥር አገኘች። አምስት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው እሱ አልነበረም። አንዲት ቀጭን ሴት፣ መለኪያ ሜትር አንገቷ ላይ እንዳለ፣ ልጇን ልትሸኝ በወጣችበት ልብስ ገባች። ሃያ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያውቋት ሴት ናት። እትዬ በልማድ እጇን ወደ መሳቢያው ሰደደች።

«ተይው» አለች ሴትዮዋ፣ ራሷን ቀና አድርጋ። «ዛሬ መርፌ አልፈለግሁም።»

እትዬ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች። ማንም ደንበኛ ሲገባ ወጥታ አታውቅም። ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ፤ ወዲያው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

እሱ ከኋላ፣ ገና በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው ያ የጂንስ ቦርሳ። ሹሟ ሦስት ወር ሙሉ ጀርባውን እንጂ ፊቱን ደፍራ ያላየችውን ሰው፣ አሁን ሰው ሁሉ እያየ፣ እስኪበቃት አየችው። እሱም ዓይኑን አልሰበረም።

«አሥር ቀን የጻፍሽው የት አለ?» አላት።

«ኮምፒውተሬ ላይ።»

«አነበዋለሁ።»

«ሦስት መስመር ብቻ ነው።»

«ቀስ ብዬ ነዋ የማነበው።»

ሹሟ ሻንጣውን ከእጁ ተቀበለችው። ከባድ ነበር። ያን ያህል ክብደት ይዛ ያን ያህል ቀልሏት አያውቅም።

ፋብሪካው ያን ቀን ስልሳ ሳይሆን አርባ ሞተር አዘዘ። በሌላው ከተማ ያለውን ሥራ ሌላ ሰው ወሰደው። ሹሟና ጠጋኙ በዓመቱ ተጋቡ። ሞት እስኪለያቸው ድረስ አሥራ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር አብረው ኖሩ።